ካውንስል ግሮቭን ለመጎብኘት፦ የከተማው መሐል፣ የካንዛዎች መሬት ወይስ የረጅሙ ሣር ሜዳ?

ካውንስል ግሮቭ በካንሳስ፣ በኒኦሾ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ ቢሆኑ ነው። ከሚዙሪ ተነስቶ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳንታ ፌ የሚገባው፣ ወደ 900 ማይል የሚረዝመው የሳንታ ፌ መንገድ ከ1821 እስከ 1880 ድረስ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፍ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ብዙ ጎብኚ ዋናው መንገድ ላይ መኪናውን ያቆምና ሁለት ጉቶና አንድ ሐውልት ፎቶ አንስቶ በአርባ ደቂቃ ይወጣል። ከዚያ በኋላ «የሚታይ ነገር የላትም» ይላል። የሚታይስ አላት፤ ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው፦ የከተማው መሐል በእግር፣ ካንዛ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የኖረበት መሬት፣ ወይም ሠረገላው የተጓዘበት ሜዳ። ሦስቱም እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ ግን የሚጠይቁት ጊዜ፣ ጫማና ወቅት ይለያያል። ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ እናብራራለን።

በቅድሚያ፦ የሚፈልጉት መንገድ ይህ ነው?

ስለ አሜሪካ ፈር ቀዳጆች ሲነገር አብዛኛው ሰው በዓይነ ልቡናው የሚመጣበት ሚስቱን፣ ልጆቹንና ላሙን ይዞ አዲስ መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ የተጓዘው ገበሬ ነው። ያ በዋናነት የኦሪገን መንገድ ታሪክ ነው። የሳንታ ፌ መንገድ የነጋዴ መንገድ ነበር፦ ጨርቅና የብረት ዕቃ ይሄዳል፤ ብር፣ በቅሎና ቆዳ ይመለሳል። ለእኛ አንባቢ ከሰፈራ ይልቅ ለሲራራ ንግድ ይቀርባል፤ እንደ ሲራራ ነጋዴም ሰዎቹ ለብቻቸው ለመጓዝ ስለሚፈሩ ተጠባብቀው፣ አለቃ መርጠው በአንድነት ይነሱ ነበር። ተጠባብቀው ከሚነሱባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ ካውንስል ግሮቭ ነበረች።

ልጆችዎ ትምህርት ቤት የተማሩትን የኦሪገን መንገድ ለማሳየት ከሆነ፣ በተለይ ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ ለሚነሳ ቤተሰብ፣ ዋዮሚንግ ያለችው ገርንዚ ትሻላለች። ከዴንቨር ሦስት ሰዓት ገደማ ናት። እዚያ የሠረገላ ጎማ የአሸዋውን ድንጋይ እስከ 5 ጫማ ድረስ ቆርሶ ቦይ አውጥቶበታል፤ ሬጂስተር ክሊፍ በሚባለው ገደል ላይም መንገደኞች የቀረጹት ስማቸው ዛሬም ይነበባል፤ ፎርት ላራሚም ሩቅ አይደለም። ከዴንቨር ካውንስል ግሮቭ ድረስ ግን ቀኑን ሙሉ መንዳት ነው። ከካንሳስ ሲቲ ለሚነሳ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዊቺታም ቢሆን ከዚያ ብዙም አይርቅም። በአይ-70 የሚያልፍ ሰው በመውጫ 313 ወጥቶ ኬ-177ን ወደ ደቡብ ከያዘ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

አንደኛው ምርጫ፦ የከተማው መሐል በእግር

ጊዜ ላጠረው፣ ሕፃን በጋሪ ለሚገፋ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የሚሆነው ይሄ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ማይል አይበልጥም፤ የእግረኛ መንገዱም ደልዳላ ነው። ሰሌዳውን ሁሉ እያነበቡ ቢሄዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከምሥራቅ ይጀምሩ። ሲራራው የመጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ነገሩ በቅደም ተከተሉ ይገለጥልዎታል።

በምሥራቅ በኩል መጀመሪያ የምትገኘው ከጎተራ ብዙም የማትበልጥ የእንጨት እስር ቤት ናት፤ የተሠራችው በ1849 ነው። ከእሷ ወዲህ ያለው የካውንስል ኦክ ጉቶ ለከተማዋ ስም የሰጣት ዛፍ ነው። ኦገስት 10 ቀን 1825 የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኞች ኦሴጅ ከተባለው ሌላ ነባር ሕዝብ አለቆች ጋር እዚህ ዛፍ አካባቢ ተዋዋሉ። መንገዱ በኦሴጅ አገር አልፎ እንዲሄድ ለመፈቀዱ የተከፈለው 800 ዶላር ነበር። ዋርካ ሥር የሚደረግ ሸንጎ ለሚያውቅ ሰው ሥዕሉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ግን ሽምግልና አልነበረም፤ አንደኛው ወገን ገንዘቡንና የተጻፈውን ውል ይዞ ነው የመጣው። ካንዛዎች የፈረሙት ደግሞ እዚህ አይደለም። የእነሱ ውል ከስድስት ቀን በኋላ፣ ከዚህ ርቆ በስተምዕራብ ተፈረመ። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው።

ዛፉ ግን የለም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። ካውንስል ኦክን በ1958 ነፋስ ጣለው፤ ዛሬ ያለው በመጠለያ ሥር የተቀመጠ ጉቶ ብቻ ነው። ፖስታ ቤት ኦክ የሚባለውና መንገደኞች ከሥሩ ደብዳቤ እየተዉ ለሚቀጥለው ሲራራ መልእክት ያስተላልፉበት የነበረው ዛፍ በ1990 ደረቀ፤ ግንዱ ቀርቷል። ጄኔራል ከስተር በ1867 ሰፍሮበታል የሚባለውን የኤልም ዛፍ ደግሞ የአውሮፓና የአሜሪካን ኤልሞች የፈጀው በሽታ በ1970ዎቹ ገደለው። እንግዲህ ሦስቱም ስመ ጥር ዛፎች ጉቶ ናቸው። ጊዜ ካጠረዎት ሁለቱን በዋናው መንገድ ላይ ይዩና ከመስመሩ ወጣ የሚለውን የከስተርን ጉቶ ይተዉት፤ የሚጨምርልዎት ነገር ትንሽ ነው።

ከጉቶዎቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ደኑ ራሱ ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ ለሠረገላ የሚሆን ጠንካራ እንጨት አይገኝም ነበር። ስለዚህ ነጋዴዎቹ እዚህ ቀናት ተቀምጠው ኦክ፣ ሂከሪና አሽ ይቆርጡና መለዋወጫ አክስልና የጎማ እንጨት ጠርበው ከሠረገላው ሥር ያንጠለጥላሉ። ደረቁ አየር እንጨቱን ያኮማትረዋል፤ እንጨቱ ሲኮማተር የጎማው ብረት ይላላል፤ አክስል በሜዳው መሐል ከተሰበረ ደግሞ መተኪያ ዛፍ የለም። ወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች በዚህ ዓይን ካዩ ከተማዋ ለምን እዚሁ እንደተቆረቆረች ያለ አስጎብኚ ይገባዎታል።

ከወንዙ በስተምሥራቅ የቆመችው የመንገዱ እናት ሐውልት የ1928 ሥራ ናት። ከሜሪላንድ እስከ ካሊፎርኒያ ካሉት 12 ተመሳሳይ ሐውልቶች አንዷ ስትሆን፣ ሕፃን ታቅፋ፣ ሌላው ልጇ ቀሚሷን ይዞ፣ ጠመንጃ በእጇ የያዘች ሴት ናት። ሐውልቷ ታምራለች። ይሁንና በዚህ መንገድ ያለፈው አብዛኛው ሰው በሬና በቅሎ ነጂ ወንድ ስለነበር፣ ታሪኩን ከእሷ ብቻ የሚወስድ ሰው የተሳሳተ ሥዕል ይዞ ይሄዳል። የወንዙን ዳርቻ ይዘው ሲሄዱ የካንዛ ተዋጊ ሐውልት ያገኛሉ፤ ሁለቱን በአንድነት ይዩ።

ድልድዩን ሲሻገሩ የ1857ቱ ሄይስ ሃውስ አለ። ሴት ሄይስ የተባለው ነጋዴ በ1847 ከካንዛዎች ጋር ለመገበያየት መጥቶ ከተማዋን የመሠረተ ሰው ነው። ቤቱ ምግብ ቤት ሆኖ ይታወቃል፤ ምሳ እዚያ ለመብላት ካሰቡ ግን ሥራ ላይ መሆኑን ደውለው ይጠይቁ። በምዕራብ ጫፍ ያለው፣ እሱም የ1857ቱ፣ ላስት ቻንስ መደብር ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው፤ የስሙ ትርጉም «የመጨረሻው ዕድል» ነው፦ ከዚህ ያልገዛ ነጋዴ ረጅም መንገድ ባዶ እጁን ይጓዛል።

ወደ ኮረብታው ለመውጣት ጉልበት ካለዎት ዋሻዋን ይዩ። በ1863 አንድ ጣሊያናዊ ባሕታዊ፣ ጆቫኒ ማሪያ ዴ አጎስቲኒ፣ ለጥቂት ወራት የኖረባት ናት። ከዚያ አንድ ሲራራ ተከትሎ ከ500 ማይል በላይ ተጉዞ ኒው ሜክሲኮ ገባ፤ በ1869 እዚያው ተገደለ። ዋሻዋ ከድንጋይ ሥር ያለች ጠባብ ጉድጓድ ናት። ባሕታዊ በዋሻ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ለሚያውቅ አንባቢ ግን ዋጋዋ ከስፋቷ በላይ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ፦ የካንዛዎች መሬት

የካንሳስ ስም የመጣው ከዚህ ሕዝብ ነው። ራሳቸውን ካንዛ ይላሉ፤ በሰሌዳና በካርታ ላይ ካው ተብሎ ይጻፋል። በ1846ቱ ውል መሠረት ከሰሜን ተነስተው በካውንስል ግሮቭ ዙሪያ 20 ማይል በ20 ማይል የሆነ መሬት ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ችግሩ የሳንታ ፌ መንገድ በዚያው መሬት መሐል ማለፉ ነው። ነጋዴ፣ አረቄ ሻጭና ሰፋሪ ተከታትሎ ገባ፤ ፈንጣጣም መጣ። በ1859 መሬታቸው ወደ 9 በ14 ማይል ተቆረጠ፤ በ1873 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተባረሩ። በ1840ዎቹ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ በላይ የነበሩት ሰዎች ሲሄዱ ከስድስት መቶ በታች ነበሩ።

ግማሽ ቀን ላለው ሰው ይህን የምናስቀድመው ለዚህ ነው። በዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ሁሉ ስለሚያልፍ ሰው ነው የሚናገሩት፤ ቀጥለን የምናያቸው ሁለት ቦታዎች፣ ካው ሚሽንና አሌጋዋሆ ፓርክ፣ ግን ስለሚኖርበት ሰው ይናገራሉ። የሚኖርበትን ሳያውቁ የሚያልፈውን መረዳት አይቻልም።

ካው ሚሽን ከዋናው መንገድ በስተሰሜን፣ በሚሽን ጎዳና ላይ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ገንዘብ በ1850 እና በ1851 አሠራው። ትምህርት የተሰጠበት ለካንዛ ወንዶች ልጆች ከ1851 እስከ 1854 ብቻ ነው። ካንዛዎች ለትምህርት ቤቱ ጥርጣሬ ስለነበራቸው የላኳቸው በአብዛኛው ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ነበር፤ መንግሥትም ወጪው በዛ ብሎ ዘጋው። በኋላ የሰፋሪ ልጆች ተማሩበት። ካንሳስ በ1951 ገዝታ ሙዚየም አደረገችው። እዚህ አንድ ሰዓት ይበቃል። ግድግዳውን ቀርበው ይዩት፤ የኖራ ድንጋዩ ውፍረት ከመስኮቱ ጥልቀት ይታወቃል። በበጋ ቀን ከውጭው ሙቀት ወደ ውስጥ ሲገቡ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል።

ከተማውን ለቀው በደቡብ ምሥራቅ 3.5 ማይል ያህል ሲነዱ አሌጋዋሆ መታሰቢያ ፓርክ ይደርሳሉ። አሌጋዋሆ መባረሩን የተቃወመው የካንዛ ዋና አለቃ ነው። ከ150 ኤከር በላይ የሆነው መሬት ዛሬ የካው ሕዝብ ነው፤ ራሳቸው መልሰው ገዝተውታል። ከተባረሩበት አገር በገንዘባቸው ገዝተው መመለሳቸውን አስቦ ለሚሄድ ሰው፣ ባዶ የሚመስለው ሜዳ ባዶ አይደለም።

ሁለት ማይል ያህል የሚረዝመው የእግር መንገድ በሣሩና በወንዙ ዳር ደን መሐል ይዞራል። መንግሥት በ1861 እና በ1862 ካሠራላቸው 138 የድንጋይ ጎጆዎች የጥቂቶቹ ፍርስራሽ ይታያል። ካንዛዎች ጎጆዎቹን አልወደዷቸውም፤ ብዙዎቹ ፈረስ አሰሩባቸውና በራሳቸው የቅርፊት ቤትና ድንኳን ኖሩ። በኮረብታው ላይ የ1925ቱ ያልታወቀው ካንዛ ሐውልት አለ፤ ሥሩ የሰው አጽም ስላረፈ መቃብር ነው፤ ልጆች እንዳይወጡበት ያድርጉ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ኢንዡጄ ዋኾቤ የሚሉት ቅዱስ ቀይ ድንጋያቸው እዚህ ነው። 28 ቶን ያህል ይመዝናል። የሎረንስ ከተማ ሰዎች በ1929 ወስደው የሰፋሪዎች መታሰቢያ አድርገውት ነበር፤ ከዘጠና አምስት ዓመት በኋላ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ጀርባዎን ለኮረብታው ሰጥተው ቀይ ቀለሙን በዙሪያው ካለው ነጭ የኖራ ድንጋይ ጋር ያስተያዩት፤ ከዚህ ምድር የበቀለ አለመሆኑ በዓይን ይለያል። በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ከሰሜን ያመጣው ድንጋይ ነው።

በዚህ ጉዞ ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ሚሽኑ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ክፍት ስላልሆነ ሰዓቱንና ክፍያውን ቀድመው በስልክ ያረጋግጡ፤ ተዘግቶ ካገኙት ፓርኩን ብቻ ይዩ እንጂ ጉዞውን አይሰርዙ። ፓርኩ ውስጥ ሱቅ የለም፤ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውሃ ይያዙ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር መዥገር አለ፤ ቺገር የሚባሉት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ስለሆኑ ማሳከኩ የሚጀምረው ማታ ነው። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ ከመንገዱ ወጥተው ሣር ላይ አይቀመጡ። ድንጋይም ሆነ ቁራጭ ዕቃ አያንሱ።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። ሚሽኑን አስቀድመው ፓርኩን አስከትሉ። ሚሽኑ ውስጥ ያለው ካርታ መሬቱ እንዴት እየተቆረጠ እንደሄደ ያሳያል፤ ያን አይቶ የሄደ ሰው ፍርስራሹ ፊት ሲቆም የሚያየው ነገር ይገባዋል። ሁለቱ በአንድነት ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃሉ።

ሦስተኛው ምርጫ፦ ሜዳው

ሠረገላ ያለፈበትን ምድር ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁለት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ከከተማው በስተምዕራብ በዩ.ኤስ. 56 አምስት ማይል ያህል ሄዶ ወደ ደቡብ ጥቂት የሚታጠፉበት የመንገዱ ጠባሳ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ጠባብ የጎማ ቦይ ስለሚፈልጉ ነው። ሠረገላዎቹ በብዙ ረድፍ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የቀረው ሰፊ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ረጅም ዝቅታ ነው። በቀትር ፀሐይ አይታይም። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ጥላው ጎድጓዳው ውስጥ ሲወድቅ ይለያል። በኦገስት ሣሩ ሸፍኖት ይቆያል፤ የከብት አርቢዎች ሜዳውን ካቃጠሉ በኋላ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ገደማ፣ አዲሱ ሣር ገና አጭር ሳለ ግን እንደ እጅ መዳፍ ይነበባል። ለዚህ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛው በኬ-177 ወደ ደቡብ 16 ማይል ያህል ርቆ፣ ስትሮንግ ሲቲ አጠገብ ያለው የረጅም ሣር ሜዳ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ነው። በ1996 የተቋቋመ ሲሆን ወደ 11,000 ኤከር ይሰፋል፤ መግቢያው ነፃ ነው። በአንድ ወቅት የሰሜን አሜሪካን መሐል ከሸፈነው ረጅም ሣር የቀረው ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም፤ የተረፈው ደግሞ በአብዛኛው እዚህ፣ በፍሊንት ሂልስ ነው። ፍሊንት ማለት ባልጩት ነው፦ ከአፈሩ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ በባልጩት የተሞላ ስለሆነ ማረሻ አልገባ አለው፤ መሬቱ ለከብት ተተወ፤ ሣሩም ተረፈ። የ1881ዱ የድንጋይ መኖሪያ ቤትና ትልቁ ጋጣ ይታያሉ። በ2009 ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ተመልሶ ገብቷል፤ መንገዱ በግጦሹ መሐል ስለሚያልፍ ቢያንስ 100 ያርድ ይራቁ፤ ከመንገዱ ላይ አልነሳም ካለ ይመለሱ። ውሻ ይዘው ወደ ጎሾቹ ግጦሽ መግባት አይፈቀድም።

ወቅቱ እዚህ ከሌሎቹ ሁለት ምርጫዎች ይበልጥ ይወስናል። በማርችና በኤፕሪል ጭስ አለ፤ አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ሜይና ጁን አበባ ነው፤ ከነጎድጓዱ ጋር። ሣሩ ከሰው ቁመት ሲበልጥ ማየት የሚፈልግ በሴፕቴምበር ይምጣ፤ ቀለሙም ወደ መዳብ የሚለወጠው ያኔ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ጥላ የሌለው ሜዳ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ለሕፃን አይሆንም።

እንዴት ይጣመር?

ሁለት ሰዓት ብቻ ካለዎት ካው ሚሽንን፣ ካውንስል ኦክንና የወንዙን ዳር ይዩ። ግማሽ ቀን ካለ ሁለተኛው ምርጫ ሙሉውን። ሙሉ ቀን ካለ ጠዋት ፓርኩን በቀዝቃዛው ሰዓት ያስቀድሙ፤ ይህ ሚሽኑን አስቀድሙ ያልነውን ቢሽርም በበጋ ሙቀቱ ያስገድዳል። ከዚያ ሚሽኑን፣ ከምሳ በኋላ ዋናውን መንገድ፣ አመሻሽ ላይ የመንገዱን ጠባሳ። ጥብቅ ስፍራውን በዚያው ቀን ማስገባት ይቻላል፤ ግን ከሦስት ሰዓት ያነሰ ከሆነ ከመኪና ሳይወርዱ እንደማየት ነውና ለማግሥቱ ያሳድሩት።

ነዳጅ ካውንስል ግሮቭ ላይ ይሙሉ። ስልክ በሜዳው ላይ ስለሚጠፋ ካርታውን ቀድመው ያውርዱ። የአካባቢው ምግብ የከብት ሥጋ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የሚጓዝ ሰው ከቤቱ ሽሮና እንጀራ ቋጥሮ ቢመጣ ይሻለዋል፤ በመንገድ የሚያገኘው ትልቅ ገበያ ከሰሜን ሲመጣ ማንሃታን፣ ከደቡብ ምሥራቅ ሲመጣ ኤምፖሪያ ነው። በጁን ዋሹንጋ ዴይስ የሚባለው የከተማው በዓል ሲከበር አልጋ ቀድሞ ይያዛል። የካንዛዎችን ዘፈንና ጭፈራ ለማየት ከሆነ ጥሩ ጊዜው ያ ነው፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ግን በሌላ ሳምንት ቢመጣ ይሻላል።